«ማነው?» የማይባልበት ክፍል

ኮንቴይነር ላነሳ ኦክላንድ ወደብ በር ላይ ተሰልፌ ነበር ስልኩ የጮኸው። የደወለው ተክሌ ነው፤ ኤርፖርት ፓርኪንግ የሚሠራ፣ አብረን የተማርን ሰው። ሰላምታውን አሳጠረና «መስፌ፣ እትዬ ሶስና አረፉ» አለኝ። «ደግ ሰው ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር» ብሎም ጨመረ።

«ነፍስ ይማር» አልኩት። «ደግ» የምትለዋን ግን ማለፍ አልቻልኩም። «ደግ የምትለው ማንን ነው? እኛን ያስተማሩንን ሴትዮ ነው?»

«አንተ ደግሞ በዚህ ሰዓት እንኳ አትተውም?»

አልተውም። ምን ቆርጦኝ! ሰው በሞተ ቁጥር ደግ፣ የዋህ፣ ለሁሉ አዛኝ እያልን ሁሉንም አንድ ዓይነት ነጠላ ማልበስ ልማዳችን ሆኗል። እትዬ ሶስና የዋህ አልነበሩም። አርፍዶ ለመጣ ሰው ፊት አይሰጡም፤ ሰዓታቸውን ያዩና ያቋረጡትን ነገር ከመጀመሪያው ይደግሙታል፣ በእሱ ምክንያት ሌላው ሁሉ ሁለት ጊዜ እንዲሰማ። «ጎበዝ» የሚል ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ትልቁ ሙገሳቸው «እሺ፣ ቀጥል» ነበር። ከደግነት የሚበልጥ ሌላ ነገር ነበራቸው፤ እሱን ነው የምጽፈው።

እትዬ ሶስና በጃንሆይ ጊዜ ሒሳብ ሊማሩ በስኮላርሺፕ ከመጡት ናቸው። ተምረው ሊመለሱ ነበር፤ አገር ቤት የሆነው ሆነና እዚሁ ቀሩ። ሳን ሆዜ ውስጥ ለኮምፒውተር ፕሮግራም ሲጽፉ ኖረው ጡረታ ወጡ። ባል አላገቡም፣ ልጅም የላቸውም፤ ስለዚህም ማንም እንዲያዝንላቸው አይፈቅዱም ነበር። ጡረታ ሲወጡ ቤታቸው እንደመቀመጥ በባቡር እየተመላለሱ ኦክላንድ ፍሩትቬል ሰፈር፣ የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን አዳራሽ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ጃቫስክሪፕት የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ያስተምሩን ጀመር። እኛ ስል የጭነት መኪና ሹፌር፣ የፓርኪንግ ሠራተኛ፣ አረጋውያን የምትንከባከብ፣ ሱቅ ውስጥ ቆማ የምትውል፣ እንዲህ እንዲህ ያልን ሰዎች ነን። አንዳንዶቻችን ሥራ ለመለወጥ፣ አንዳንዶቻችን ደግሞ ልጆቻችን ቤት ውስጥ የሚያወሩት ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ነበር የመጣነው።

ክፍሏ መስኮት የላትም። ከማኅበሩ ታጣፊ ወንበሮች ጋር ተጋፍተን ነው የምንቀመጠው። አሮጌዎቹን ላፕቶፖች ለምነው ያመጡልን የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ደረጀ ናቸው። ይህን አልክድም፣ ለፍተውልናል። ሰውየውን እንደማልወዳቸው ከዚህ በታች ስለሚታይ፣ የሚገባቸውን ከወዲሁ ልስጥ ብዬ ነው።

እንግዲህ እንደ እኛ ላለ ሰው ኤረር የሚሉት የስህተት መልእክት ቀልድ አይደለም። እዚህ አገር በቀይ የተጻፈ እንግሊዝኛ መልካም ነገር ይዞልን መጥቶ አያውቅም። ስክሪኑ በቀይ ሲሞላ መጀመሪያ የምናደርገው ላፕቶፑን መክደን ነው። ቀጥለን «እኔ አልነካሁም» እንላለን። ከዚያ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው፤ ቀድሞህ የተቀመጠው ነው፣ አይ ከእኔ በኋላ የመጣችው ናት፣ እየተባባልን እንነታረካለን።

አንድ ማክሰኞ ተክሌ የጻፈውን ፕሮግራም ሊያስኬድ ቢሞክር ቀዩ ጽሑፍ ተዘረገፈበት። እጁ ላፕቶፑን ሊዘጋ ሲሄድ እትዬ ሶስና ከጀርባው ደረሱ።

«አትክደነው። ቆመህ አንብብልን።»

«እትዬ፣ ብዙ ነው እኮ።»

«የመጀመሪያውን መስመር ብቻ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።»

ተክሌ ቆመና «ካኖት ፋይንድ ሞጁል» ብሎ አነበበ።

«በአማርኛስ?»

«እንዲሠራ ያዘዝከኝን ፋይል ፈልጌ አላገኘሁትም ይላል።»

«ማንን ሰደበ?»

ተክሌ ስክሪኑን አየና «ማንንም አልሰደበም» አለ።

«ታዲያ ምን ያስደነግጥሃል? ስድብ አይደለም፣ አድራሻ ነው። የፈለገውንም፣ የፈለገበትንም ቦታ ጽፎልሃል። ከዚህ በላይ ምን ያድርግልህ?»

ተክሌ ግን ተናደደ። ፎልደሩን ከፈተና ፋይሉን በጣቱ እየጠቆመ «ይኸው እዚህ ተቀምጧል! ዓይኑ አያይም እንዴ?» አለ። እውነቱን ነው፣ ፋይሉ ቁጭ ብሏል። ሁላችንም ተነስተን አየነው።

«አንተ የት ቆመህ ነው የምትጣራው?» አሉት እትዬ ሶስና።

አልገባውም። እኛም አልገባንም።

«ፍሩትቬል ቆመህ ሳን ሆዜ ያለ ሰው ብትጣራና 'አቤት' ባይልህ፣ ሰውየው የለም ማለት ነው? 'አላገኘሁም' ያለህ ሁሉ 'የለም' ያለህ አይምሰልህ። በል ማሽኑን የት ነህ ብለህ ጠይቀው።»

ማሽኑን ያለበትን ቦታ የሚያናግር አጭር ትእዛዝ አለ። ተክሌ እሱን ሲጽፍ፣ ለካ ማሽኑ የቆመው ሌላ ፎልደር ውስጥ ነው። ወደ ትክክለኛው ፎልደር ገብቶ ደግሞ ሲያስነሳው ፕሮግራሙ ሠራ። ተክሌ እንደ ልጅ እያጨበጨበ ወደ እትዬ ሶስና ዞረ። እሳቸው «እሺ፣ ቀጥል» ብለው ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄዱ።

ይህን ሁሉ ሲያደርጉ እጃቸው ከጀርባቸው እንደተቆላለፈ ነው። የተማሪን ላፕቶፕ አይነኩም። መልሱን እያወቁት፣ አንድ ቁልፍ ተጭነው የሚገላግሉን ሆነው ሳለ፣ እጃቸውን ወደኋላ አድርገው ቆመው ስንዳክር ያዩናል። እኔ በዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ተጨቃጭቄያቸዋለሁ። አንድ ቀን በጣም ደክሞኝ «እትዬ፣ አንዴ ቢያስተካክሉልኝ ምን አለበት? ነገ ማለዳ ወደብ አለብኝ» አልኳቸው።

«ወደብ ስትገባ መሪውን ማን ይይዝልሃል?»

«እኔ ነኛ።»

«እንግዲህ ይህንንም ያዝ።»

ተናድጄ ቁጭ አልኩና እስኪገባኝ ሞከርኩት። ዛሬ ድረስ ያን ቀን የተማርኩት አልጠፋኝም፣ ንዴቱም አልጠፋኝም።

በዚያ ክፍል አንድ የተከለከለ ቃል ነበር። ከእኛ አንዷ የጻፈችው ፋይል ላይ ሌላ ሰው ሳያውቅ የራሱን ጽፎበት ኖሯል። ስትከፍተው ሥራዋ የለም። «ማነው የኔን የነካው? ማነው?» ብላ ጮኸች። መብቷ ነው፤ እኔም ብሆን እጮህ ነበር። እትዬ ሶስና ግን የያዙትን ማርከር አስቀመጡ። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«በዚህ ክፍል 'ማነው' አይባልም» አሉ። «'ምን ጠፋ' ይባላል። 'የት ነው የተፈለገው' ይባላል። ማሽኑ ይህን ሁሉ መስመር ሲዘረግፍላችሁ፣ አንድም ቦታ ላይ ማን እንዳጠፋው ሲጠይቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከእሱ ተማሩ።»

ሴትዮዋ ቅር አላት። እኔም አልተዋጠልኝም። ጥፋተኛው ካልታወቀ እንዴት ነው ሥርዓት የሚኖረው? ነገ ተነስቶ ይደግመዋል። ይህን በሆዴ ይዤ ሰነበትኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባቡሩ ተቋረጠና ሳን ሆዜ ድረስ በመኪናዬ አደረስኳቸው። ስምንት ሰማንያ የሚባለው አውራ ጎዳና እንደ ልማዱ ተጨናንቆ ቆሟል። ከመኪናው ወርደው ሊያመልጡኝ አይችሉምና ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ 'ማነው' ማለት ምን ነውር አለው?»

ከፊታችን ያለውን መኪና እያዩ «ወንድም ነበረኝ» አሉ። «እኔ እዚህ ስማር እሱ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ያኔ ልጆቹ ወረቀት እየጻፉ ይበትናሉ። የደርግ ሰዎች አንዱን ልጅ ያዙትና ማነው የጻፈው አሉት። ምን ተጻፈ፣ ለምን ተጻፈ፣ አላሉም። ማነው ብቻ። ልጁ ለጊዜው የመጣለትን ስም ጠራ። የወንድሜ ስም ነው የመጣለት።»

ወንድማቸው ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። በዚያን ዘመን ስሙ የተጠራ ልጅ ምን እንደሚሆን እዚህ ያለ የእኔ ዕድሜ ሰው ሁሉ ያውቃል።

«ልጁን አልጠላውም» አሉ ቀጥለው። «ኋላ አግኝቼዋለሁ፤ እዚሁ ኦክላንድ ነበር የሚኖረው፣ ምስኪን ሰው ነው። እንዲያ ተይዞ የተጠየቀ ሰው የሆነ ስም መጥራቱ አይቀርም። እኔ የምጠላው ጥያቄውን ነው።»

አዘንኩላቸው። ግን እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን አላሳመኑኝም። ያ የመንግሥት ነገር ነው፣ ይሄ የኮምፒውተር ክፍል ነው፤ ምን አገናኘው ብዬ ነበር። አደረስኳቸውና ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ነው የክፍሏ ነገር የመጣው። የማኅበሩ ኮሚቴ ለሠርግ የሚያከራያቸውን ጠረጴዛና ድንኳን የሚያስቀምጥበት ቦታ አጥቷል። አቶ ደረጀ አንድ ቀን መጡና በር ላይ ቆመው «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኮሚቴውና እንግዶች ይመጣሉ» አሉን። «የሠራችሁትን አሳዩን። ፍሬ ካለው ክፍሉ የእናንተ ነው። ከሌለው እንግዲህ ቅር አይበላችሁ።»

አቶ ደረጀ ከሄዱ በኋላ እትዬ ሶስና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ተቀምጠው ሲያስተምሩ አይተናቸው አናውቅም። «ይህች ክፍል ከተወሰደች እኔ የምሄድበት የለኝም» አሉ። «እናንተ ሥራ አላችሁ፣ ልጅ አላችሁ። እኔ ሳን ሆዜ ቁጭ ብዬ ግድግዳ ላይ ሳፈጥ ነው የምሞተው። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። በደንብ እንድትሠሩ ነው።»

ሠራን። የመረጥነው ነገር ቀላል ነበር፣ ግን የእኛ ነበር። የሐኪም ቀጠሮ ያለባቸውን አዛውንቶች፣ በዚያ ቀን ሥራ ከሌለው ሹፌር ጋር የሚያገናኝና ለአዛውንቱ በአማርኛ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ነው። አንዱ የአዛውንቶቹን ፋይል ጻፈ፣ አንዷ የሹፌሮቹን፣ እኔ ሁለቱን የሚያገናኘውን። ሐሙስ ዕለት ስናስነሳው ምንም ሳይል ሠራ። ለመጀመሪያ ጊዜ እትዬ ሶስና ሲስቁ ጥርሳቸውን አየሁ።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ከኮሚቴው ሌላ፣ ሳን ሆዜ አንድ ትልቅ ኩባንያ ውስጥ የሚሠራ ዮናስ የሚባል ወጣት ኢንጂነር ተጋብዟል። ላፕቶፑ ፊት ማን ይቀመጥ ሲባል እትዬ ሶስና ተክሌን ጠሩ። ከሁላችንም ፈሪው እሱ ነው። ሆን ብለው ነው።

ተክሌ ትእዛዙን ጻፈ። ግድግዳው ላይ ያለው ትልቁ ስክሪን በቀይ ተሞላ።

ከኋላ አንድ ሰው ከንፈሩን ሲመጥ ተሰማኝ። አቶ ደረጀ እጃቸውን አጣምረው «ምነው?» አሉ። ዮናስ፣ እግዜር ይስጠው፣ ከልቡ ሊረዳ ብድግ አለ። «ሌት ሚ ሄልፕ፣ እትዬ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ፊክስ አደርገዋለሁ።»

«አውቃለሁ ልጄ» አሉት እትዬ ሶስና። «አንተ እጅህን ኪስህ ክተት። ባለቤቶቹ አሉ።»

ልጁ ሳቅ አለና እውነትም እጁን ኪሱ ከቶ ቆመ።

«ተክሌ፣ ተነስና አንብብልን።»

ተክሌ ቆመ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «አንድ ሞጁል አላገኘሁም ይላል። ነጥብ፣ ስላሽ፣ ድራይቨርስ። ሹፌሮቹን ማለቱ ነው።»

«ነጥብ አለው?»

«አለው።»

«ነጥብ ካለውስ?» ብለው ወደ እኛ ዞሩ።

«የቤታችን ነው» አልን ሁላችንም። ስሙ በነጥብ ከጀመረ እኛ የጻፍነው፣ እዚያው አጠገቡ መኖር ያለበት ፋይል ነው ማለት ነው። ነጥብ ከሌለው ሌሎች ሰዎች ጽፈውት ከኢንተርኔት ያመጣነው ነው። ይህን እንደ አባታችን ሆይ አስጠንተውናል።

«እንግዲህ ቤታችሁን እዩ።»

ተክሌ ፎልደሩን ከፈተ። ፎልደሩ ጽድት ብሏል። ያ ሐሙስ አዝረክርከን የተውነው ፋይል ሁሉ ተለቃቅሞ በየዓይነቱ በአዳዲስ ፎልደር ተከፋፍሏል፤ ስም ከስም ጋር፣ ፎቶ ከፎቶ ጋር። ወዲያው ገባን። ከመካከላችን አንድ ሰው እንግዳ ይመጣል ብሎ ቤት ጠርጓል።

ሌላ ሕዝብ ይህን ያደርግ እንደሆነ አላውቅም። እኛ ግን እንግዳ ይመጣል ከተባለ የተበተነ አናሳይም። ይሰበሰባል፣ ይታጠፋል፣ ለዓይን የሚከብደው ይጣላል። እናቶቻችን እንዲያ ነው ያሳደጉን። ይህም ሰው ላፕቶፑን እንደ ሳሎን ቆጥሮት አሰማምሮታል። ክፋት ቢፈለግ አንድ ጠብታ አይገኝበትም።

ተክሌ የሹፌሮቹን ፋይል ወደ ቦታው መለሰና እንደገና አስነሳው። እንደገና ቀይ። «ይሄ ኤረር ሌላ ነው» አለ ተክሌ፣ ድምፁ ግን መንቀጥቀጡን ትቷል። «መልእክት የሚልክልንን ነው ያጣው። ነጥብ የለውም።»

«ስለዚህ?»

«ከውጭ ያመጣነው ነው። ፎልደሩ በሙሉ የለም። ተጥሏል።»

ከውጭ የመጣው ሁሉ የሚቀመጠው አንድ ትልቅ ፎልደር ውስጥ ነው። ከፍታችሁ ብታዩት የማታውቁት ስም ብቻ ነው፣ ማለቂያ የለውም። እንግዳ ፊት ይህን የሚያህል የማን እንደሆነ የማይታወቅ ግሳንግስ ማን ይተዋል? ሰውየው ጥሎታል፣ ቆሻሻ መጣያውንም ባዶ አድርጓል። «ሰውየው» ስላችሁ ወንድ ነው ብላችሁ እንዳትይዙ፤ እንዲሁ ለአነጋገር ነው።

«መልሶ ኢንስቶል ማድረግ ነው» አለ ተክሌ። «ኢንተርኔት ግን ያስፈልጋል።»

የአዳራሹን ኢንተርኔት ፓስዎርድ ኮሚቴው ሰጥቶን አያውቅም። ተክሌ አቶ ደረጀን አየ። አቶ ደረጀ ግድግዳውን አዩ። እኔ ስልኬን አወጣሁና ላፕቶፑን ከስልኬ ኢንተርኔት ጋር አገናኘሁት። የተጣለው ሁሉ በአንድ ትእዛዝ እየወረደ ገባ፤ የሚያስፈልጉን ነገሮች ስም በሌላ ፋይል ስለተጻፈ ማሽኑ ራሱ ያውቃቸዋል። ተክሌ ለሦስተኛ ጊዜ አስነሳው። ስክሪኑ ላይ ቀይ የለም። ፊት ለፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት ስልካቸው ጮኸ፤ አወጡና መነጽራቸውን ፈልገው ጮክ ብለው አነበቡ። «ማክሰኞ ጠዋት ሐኪም ቤት የሚያደርስዎ መስፍን ነው ይላል» አሉ። «መስፍን የትኛው ነው?»

እጄን አነሳሁ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ዮናስ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ከሁሉም በላይ ያጨበጭብ ነበር። ክፍሏ ተረፈች ብዬ እትዬ ሶስናን አየሁ። እጃቸው አሁንም ከጀርባቸው ነው፣ ዓይናቸው ግን እርጥብ ነበር።

አቶ ደረጀ ቆሙና ጭብጨባውን በእጃቸው አበረዱ። «በጣም ጥሩ ነው፣ ደስ ብሎናል» አሉ። «አንድ ነገር ግን አለ። ላፕቶፑ የማኅበሩ ንብረት ነው። ፋይል ያጠፋ ሰው እንዳለ በዓይናችን አይተናል። ማነው?»

ክፍላችን በሙሉ አቀረቀረ። ያደረገውም ያላደረገውም።

«አልጠየቅኩም» አሉ እትዬ ሶስና።

«ይጠይቁ እንግዲህ። ያ ሰው ከክፍሉ ይወጣል፣ ሌሎቻችሁ ትቀጥላላችሁ። ክፍሉ የእናንተ ነው፣ ቃሌን እሰጣለሁ። አንድ ስም ብቻ ነው የምንለው።»

«አቶ ደረጀ፣ የጠፋው ተገኝቷል። ፕሮግራሙ ሠርቷል። የቀረ ጥያቄ የለም።»

«ለሥርዓት ነው፣ ወይዘሮ ሶስና። በሌላ አይዩብኝ።»

«ሁልጊዜም ለሥርዓት ነው የሚጠየቀው።» ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም። «እኔ ስም አልጠራም። እኔ ባለሁበትም ማንም ስም አይጠራም። ክፍሉን ይውሰዱት።»

አቶ ደረጀ የሰሙትን ያመኑ አይመስሉም። የኮሚቴው ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። እትዬ ሶስና ኮታቸውን ለበሱ፣ ከታች እስከ ላይ ቆለፉ፣ ቦርሳቸውን አነሱ። እኛን አልጠሩንም። ተክሌ ነው መጀመሪያ የተነሳው። ከዚያ እኔ፣ ከዚያ ሁሉም። ያን ፈሪ ሰው ያን ቀን በኮሚቴው ፊት ደረቱን ነፍቶ ሲያልፍ ብታዩት!

ውጭ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ስንደርስ ንዴቴ ገነፈለ። በአቶ ደረጀም፣ በእሳቸውም። «እትዬ፣ የምሄድበት የለኝም ብለውን አልነበረም? ለአንድ ሰው ሲሉ ክፍሉን በሙሉ?»

«ለአንድ ሰው ነው ሁልጊዜም» አሉኝ። «ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ተጠርቶ አያውቅም። አንድ በአንድ ነው።»

ያኔ ነው ስምንት ሰማንያ ላይ ያልገባኝ የገባኝ።

ቤት የጠረገው ሰው ከመካከላችን ወጣና እያለቀሰ «እትዬ፣ እኔ...» ብሎ ጀመረ። እትዬ ሶስና ጀርባቸውን ሰጡት። ሁለት እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጮክ ብለው መቁጠር ጀመሩ፤ ያን የሚያህሉ የተማሩ ሴትዮ፣ መኪና ማቆሚያ መሃል፣ እንደ ሕፃን። ልቅሶውና ንግግሩ እስኪያልቅ ቆጠሩ። ከዚያ እጃቸውን አወረዱና «ማክሰኞ የት ነው የምንገናኘው?» አሉ።

ማክሰኞ በተክሌ ጋራዥ ተገናኘን። ክረምት ከበጋ እዚያው ነበርን። ብርድ ሲሆን ካፖርታቸውን ሳያወልቁ፣ እጃቸውን ከኋላቸው ቆልፈው፣ በጎማና በቀለም ቆርቆሮ መሃል እየተመላለሱ አስተማሩን። ስለ አዳራሹ ክፍል አንድ ቀን ሲያነሱ አልሰማሁም። ግድግዳ ላይ እያፈጠጡ አልሞቱም፤ እስከ መጨረሻዋ ማክሰኞ ድረስ ባቡር ተሳፍረው መጥተዋል። የዚያን ሰው ስም ሳያውቁ ነው የሞቱት። ጠይቀው ስላጡት አይደለም፤ መጠየቅ ስላልፈለጉ ነው።

ሐዘን ልንቀመጥ ሳን ሆዜ፣ ቤታቸው ሄድን። አቶ ደረጀም መጡ። ዓይናቸው ቀልቷል፣ ከልባቸው አዝነዋል፤ ይህንንም አልክድም። ሰው ቀለል ሲል አጠገቤ መጥተው ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «መስፍን፣ እንግዲህ አርፈዋል» አሉኝ። «ነገሩም አልፏል፣ ክፉ አሳብ የለኝም። ያ ሰው ማን ነበር?»

ያ ሰው ቤቱ ውስጥ ነበር፤ ለለቀስተኛ ውሃ ከሚያቀርቡት አንዱ ነው።

«አታውቀውም?» አሉ አቶ ደረጀ።

«አውቃለሁ» አልኳቸው።

ጠበቁኝ። የቀረበላቸውን ውሃ ሳይጠጡ ይዘው ፊቴን እያዩ ጠበቁ። ዛሬም አዳራሽ ስንገናኝ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስንተላለፍ፣ ሰላምታ ሰጥተውኝ ዓይናቸው ፊቴ ላይ ትንሽ ይቆያል። ይቆይ።